ሳይሰበር የወጣ ሸክላ

  ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ ስለ ግድግዳ ሸክላ ነው። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፣ እኛ በተለምዶ «ሴራሚክ» የምንለው። «የታሪክ አስተማሪ ስለ ሴራሚክ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል። አንድ ሰው አሮጌ ሸክላ ከግድግዳ ላይ ሳይሰብር ለማንሳት ሲሞክር የሚገጥሙት ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ እኛ ታሪክ የምናስተምር ሰዎችም የምንጋፈጣቸው እነሱኑ ነው። አንደኛው፣ አሮጌውን ነገር ሳያጠፉ ከቦታው ማንሳት ይቻላል ወይ? ሁለተኛው፣ ከተነሣ በኋላስ የማን ነው?

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለማየት ጥሩዋ አገር ፖርቱጋል ናት። ስለዚህ ወደዚያው ልውሰዳችሁና በጎንደር በኩል አድርገን አዲስ አበባ እንመለሳለን። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ፖርቱጋሎች የግድግዳ ሸክላቸውን «አዙሌዦ» ይሉታል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ትንሽ የተወለወለ ድንጋይ እንደማለት ነው። ሞሮኮ ውስጥ ያለው «ዘሊጅ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው። ሸክላው ራሱ እንደ ማንኛውም የሸክላ ዕቃ ከጭቃ ተሠርቶ ይተኮሳል፤ ከዚያ እርሳስና ቆርቆሮ የተባሉት ማዕድናት ያሉበት ነጭ መስተዋታማ ቅብ ይቀባል፤ በላዩ ሥዕል ይሣልበትና እንደገና እሳት ይገባል። የተለመደው መጠኑ ጎንና ጎኑ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ለመሸፈን 51 ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

ይህን ጥበብ ፖርቱጋል ውስጥ ፋሽን ያደረገው ንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ ነው ይባላል። በ1498 ወደ ስፔን ተጉዞ የዐረብ እጅ ያለበትን የግድግዳ ጌጥ አየና፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሲንትራ ቤተ መንግሥቱን ከሴቪያ በመጣ ሸክላ አስለበጠ።

ማኑኤል ማን እንደሆነ ክፍል ውስጥ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ሲገባ የተቀበለው ንጉሥ ነው። በ1520 ምጽዋ ደርሶ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው፣ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የነበረበት መልእክተኛ ቡድንም የሱ ነው። እኛ ማኑኤልን የምናውቀው በደብዳቤና በመልእክተኛ ነው፤ አገሩ ሰዎች ግን በግድግዳውም ያውቁታል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ። አሮጌ ሸክላ ሳይሰበር ይወጣል ወይ?

ይወጣል። የሚወጣበት ምክንያት ግን የሠራተኛው ብልሃት ብቻ አይደለም። ዋናው ምስጢር ከሸክላው ጀርባ ያለው ነገር ነው።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሸክላው የሚለጠፈው በኖራና በአሸዋ ማልታ ነበር። ኖራ ቀስ ብሎ ከአየር ጋር እየተዋሐደ የሚጠነክር ነገር ነው። ይጠነክራል እንጂ ድንጋይ አይሆንም፤ ከተተኮሰው ሸክላ ይልቅ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለመለያየት ስትሞክሩ ቀድሞ የሚሸነፈው ኖራው ነው። ኖራው ይፈረፈራል፣ ሸክላው ይተርፋል።

ሲሚንቶ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚባለውን እንግሊዛዊው ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 በስሙ አስመዘገበው፤ ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ዓለምን አዳረሰ። ሲሚንቶ ከአሮጌ ሸክላ ይበልጣል፤ ይጠነክራል፣ አይለቅም። በሲሚንቶ የተለጠፈን አሮጌ ሸክላ ለመንቀል ስትታገሉ ቀድሞ የሚሰበረው ሸክላው ነው። በዚያ ላይ ሲሚንቶ የራሱን ጨው ያመጣል፤ ግድግዳው ውስጥ የገባውንም እርጥበት አፍኖ ይይዛል፤ ጨውና እርጥበት ደግሞ ቅቡን ከውስጥ እየገፉ ያላልጡታል።

አስቡት እስቲ። የድሮ ግንበኛ ደካማ ማያያዣ የተጠቀመው የተሻለ ስላልነበረው ነው። ግን ሳያስበው ለልጅ ልጆቹ በር ክፍት ትቶላቸዋል። የኛ ዘመን ግንበኛ እንዳይላቀቅ አድርጎ ሲሠራ፣ ያን በር ዘግቶታል። ሠርቶ ማፍረስን ያላሰበ ሥራ፣ ሲፈርስ ሁሉም ነገር አብሮት ይፈርሳል።

አሁን ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ከናንተ መካከል በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ዝርዝሩን አልዘለውም።

በመጀመሪያ መሮ አይነሣም፤ የሚነሣው ካሜራና ወረቀት ነው። ግድግዳው ፊት ለፊት ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ወረቀት ላይ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይሠመርና እያንዳንዱ ሸክላ ስም ይሰጠዋል፤ ረድፉ በፊደል፣ ተራው በቁጥር። ያው ስም ትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ በቀላሉ በሚለቅ ማጣበቂያ ሸክላው ፊት ላይ ይለጠፋል። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 51 ሸክላ አለ ብያችኋለሁ። ሥዕል ያለበት አሥር ካሬ ሜትር ግድግዳ ማለት ከ500 በላይ ቁራጭ ያለው እንቆቅልሽ ነው። ሳይጽፉ የነቀለ ሰው ሸክላ አተረፈ እንጂ ሥዕሉን አላተረፈም።

ቀጥሎ ማዳመጥ ነው። በጣት አንጓ ወይም በእንጨት እጀታ ቀስ እያሉ እያንዳንዱን መታ መታ ማድረግ። ክፍት ድምፅ የሚሰጠው ከግድግዳው ለቋል፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ገና ይዟል። ቅቡ የተሰነጠቀ ወይም የሚላጥ ካለ፣ ስስ ወረቀት ወይም ሻሽ በስታርች ሙጫ ፊቱ ላይ ይለጠፍበታል። ሙጫው በኋላ በውሃ ይለቃል፤ እስከዚያው ስብርባሪውን በቦታው ይይዘዋል።

ከዚያ በኋላ መግቢያ ይፈለጋል። ቀድሞ የወደቀ ወይም የተሰበረ ሸክላ ካለ ከዚያ ነው የሚጀመረው። ከሌለ ከዳር። ዳሩም ከተዘጋ አንድ ሸክላ መሥዋዕት ይደረጋል፤ እሱን ከመሐል እየሰበሩ ያወጡና ለመሣሪያው ቦታ ይከፍታሉ። በመካከላቸው ያለው ስንጥቅ በስስ ምላጭ ይጸዳል። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ሸክላዎቹ ተፋፍገው ከቆሙ አንዱን ሲያንቀሳቅሱ የጎረቤቱ ጥግ ይረግፋል።

አሁን ነው መሮው የሚመጣው። ረጅም፣ ስስና ጠፍጣፋ መሆን አለበት። የሚመታው ሸክላው ሳይሆን ከጀርባው ያለው ኖራ ነው፤ ወደ ግድግዳው አዘንብሎ፣ በትንሽ መዶሻ፣ በቀስታ። አንዱን ጎን ብቻ ይዞ መፈልቀቅ አይሆንም፤ ሸክላው ከመሐል ይሰነጠቃል። ከአራቱም ጎን ትንሽ ትንሽ እየገቡ ነው የሚላቀቀው። ሌላው እጅ ሁልጊዜ ሸክላው ላይ ነው፤ ሲለቅ ድንገት ነውና።

የወጣው ሸክላ ጀርባው ላይ የቀረው ኖራ በውሃ ከረጠበ በኋላ በስፓቱላ ይጠረጋል። ጨው የጠጣ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው እየተቀየረ፣ ጨዉ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሲቀመጥም ተደራርቦ አይተኛም፤ እንደ መጽሐፍ በጎኑ ይቆማል፣ በመካከሉ ወረቀት ይገባበታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ አሮጌ ቅብ እርሳስ አለበት። በደረቁ በማሽን መፋቅ፣ አቧራውን መተንፈስ፣ ሕፃናት ባሉበት መሥራት አይገባም። ጓንትና የዓይን መከላከያም ግድ ነው፤ የተሰበረ ቅብ እንደ ጠርሙስ ይቆርጣል።

ተመልሶ ሲለጠፍስ? እንደገና በኖራ። በሲሚንቶ ከለጠፉት ከዚህ በፊት ያየነውን ደጅ በራሳቸው እጅ ዘጉት ማለት ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ይህን የቁጥርና የፊደል ዘዴ የፈጠሩት የዛሬ ዘመን ባለሙያዎች አይደሉም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የሊዝበን ሸክላ ሠሪዎች ትልልቅ ሥዕሎችን ሲሠሩ የእያንዳንዱን ሸክላ ጀርባ በፊደልና በቁጥር ይጽፉበት ነበር፤ ለጣፊው ቦታውን እንዲያውቅ። ዛሬ አንድ ሸክላ ሲነቀል ከጀርባው የዚያ ሰው የእጅ ጽሑፍ ይወጣል። ግድግዳው ላይ እያለ ማንም የማያነበው ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ኖቬምበር 1 ቀን 1755 እንሂድ። ዕለቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፤ የሊዝበን ሰው ቤተ ክርስቲያን ነበር። መሬት ተንቀጠቀጠች፣ ባሕሩ ተነሣ፣ በመጨረሻ እሳት መጣ። የከተማይቱ መሐል ጠፋ። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ሞተው ሕፃኑ ኢዮአስ ዙፋን ላይ ተቀምጦ፣ እቴጌ ምንትዋብ አገር ያስተዳድሩ ነበር። ሁለቱን ከተሞች አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አስቧቸው፤ ታሪክ ስትማሩ ዓለምን በአንድ ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን ማየት ልመዱ ስላችሁ የነበረው ለዚህ ነው።

በዚያ ቀን ከጠፉት ነገሮች አንዱ ወንዙ ዳር የነበረው የሪቤይራ ቤተ መንግሥት ነው። ማቴዎስን የተቀበለው ማኑኤል ያሠራው ቤተ መንግሥት። ታዲያ ዛሬ መልኩን ከምናውቅባቸው ማስረጃዎች ትልቁ ምንድን ነው? የግድግዳ ሸክላ ነው!

በ1700 ገደማ ተሠርቶ ሊዝበን ውስጥ በአንድ የመኳንንት ቤት፣ በተንቱጋል ካውንቶች መኖሪያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል አለ። ጋብሪኤል ዴል ባርኮ የተባለው ሠዓሊ ሥራ እንደሆነ ይገመታል። ርዝመቱ ወደ 23 ሜትር ይደርሳል። ከተማይቱን ከወንዙ በኩል ሆኖ፣ ቤት በቤት፣ ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን ያሳያል። በአንድ ረድፍ ብቻ ከ160 በላይ ሸክላ አለው። ይህ ሥዕል ከነበረበት ግድግዳ ተነቅሎ ነው ለዛሬ የበቃው፤ አሁን ያለው በሊዝበን ብሔራዊ የአዙሌዦ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሙዚየሙ ራሱ የማኑኤል እኅት ንግሥት ሌኦኖር በ1509 የመሠረተችው የማድሬ ዴ ዴውስ ገዳም ነበር።

እንግዲህ አስተውሉ። ከተማው ፈረሰ፣ ቤተ መንግሥቱ ፈረሰ፣ ሥዕሉ የነበረበትን ግድግዳም ትቶ ወጣ። የጠፋችውን ከተማ ዛሬ ቆመን እንድናያት ያደረገው የአንድ ሠራተኛ ትዕግሥትና የኖራ ልስላሴ ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ደስ ይላል። አሁን ግን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። ሳይሰበር የወጣው ሸክላ የማን ነው?

ለማዳን የሚያገለግል ሙያ ለመዝረፍም ያገለግላል። መሮው ያው መሮ ነው። ኖራው ለጠጋኙም ለሌባውም እኩል ይለቃል።

ኢስታንቡል ሄዳችሁ ሐጊያ ሶፊያ አጠገብ ያለውን የሱልጣን ሰሊም ዳግማዊን መቃብር ብታዩ፣ በመግቢያው ግራና ቀኝ የኢዝኒክ ሸክላ ታገኛላችሁ። በአንድ በኩል ያለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሌላው በኩል ያለው ግን ቅጂ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሶርላን ዶሪኒ የተባለ ፈረንሳዊ ለጥገና ብሎ ነቀለው፤ በቦታው ቅጂ ተለጠፈ፤ እውነተኛው ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ነው የተሠራው። ጥንቃቄው ግን ለማን ነበር?

ይህን ስታነቡ «ይሄ ነገር እኛም ጋ ተደርጓል» ያላችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ኮርቼባችኋለሁ። አዎ፣ ተደርጓል። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳዮች የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ጎንደር ደረሰ። እዚያ ካሉት አድባራት አንዱ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሥዕሎቹ እንደ ብዙዎቹ የጎንደር ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ። እንግዶቹ ሥዕሎቹን ከግድግዳው አላቀቁ፤ በምትካቸው ጋስቶን ልዊ ሩ የተባለው የጉዞው ሠዓሊ የሠራቸውን ቅጂዎች ለጠፉ፤ ዋናዎቹን ጠቅልለው ወሰዱ። ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ወሳጆቹ ያቀረቡት ምክንያት ነበራቸው፤ ሥዕሎቹ እየተጎዱ ነው፣ እኛ እናድናቸዋለን የሚል። ሥዕሎቹ ዛሬ ድረስ መኖራቸውም እውነት ነው፤ እኔ ይህን አልክድም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ የሚጠገነው ጣሪያው ነው። ሥዕሉን ነቅሎ ለማዳን የሚያበቃ ባለሙያ፣ ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው ጣሪያ መክደን አያቅተውም ነበር። ስለዚህ «ሳይጎዳ ወጣ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ወዴት ሄደ? ማን ፈቀደ? ይመለሳል ወይ?» የሚለው ነው።

ፖርቱጋሎች ራሳቸው ይህን ሁለተኛ ግማሽ የተማሩት ቤታቸው ሲዘረፍ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቤቶቻቸውን የውጭ ግድግዳ ሳይቀር በሸክላ አለበሱ፤ በዚህም ብራዚል ሠርተው የተመለሱ ሰዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። መንገድ ላይ ያለ ግድግዳ ደግሞ ለሌባ ምቹ ነው። ሌሊት ይነቀላል፣ ማግስቱን ይሸጣል። ሊዝበን ውስጥ ማክሰኞና ቅዳሜ የሚቆም አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ ስሙ «ፌይራ ዳ ላድራ» ነው፣ በቀጥታ ሲተረጎም «የሌባዋ ገበያ»። አሮጌ ሸክላ እዚያ በነጠላ ይሸጥ ነበር። ቱሪስቱ ለመታሰቢያ አንድ ይገዛል። አንዷ ሸክላ ከ51 አንዷ ናት፤ እሷ ከወጣች የጎደለው አንድ ሸክላ ሳይሆን አንድ ሥዕል ነው።

በ2007 አንድ ያልተጠበቀ አካል ጉዳዩን ያዘው፤ የፖሊስ ሙዚየም። የፖርቱጋል የወንጀል ምርመራ ፖሊስ ሙዚየም «ኤስ ኦ ኤስ አዙሌዦ» የሚል ፕሮጀክት ጀመረ። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ የተሰረቁትን ፎቶ በይፋ አወጡ። ሻጭና ገዢ «አላወቅሁም» እንዳይል። ፕሮጀክቱ እንደሚለው ሪፖርት የሚደረገው ስርቆት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ከዚያ ሕጉ ተከተለ። በ2013 የሊዝበን ማዘጋጃ ቤት ከፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ሸክላ መንቀልን ከለከለ፤ በ2017 ክልከላው የአገር ሕግ ሆነ። ዛሬ ፖርቱጋል ውስጥ ቤቱ የራስህ ቢሆን እንኳ፣ የፊት ግድግዳውን ሸክላ ያለ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ አንሥተህ መጣል አትችልም።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ፖርቶ ከተማ የሸክላ ባንክ አላት። የዕቃ ባንክ ይሉታል። ከሚፈርሱና ከሚታደሱ ቤቶች የወጣ ሸክላና ሌላ የቤት ጌጥ ማዘጋጃ ቤቱ ይሰበስባል፣ ይመዘግባል፣ በዓይነት በዓይነቱ ያስቀምጣል። ቤቱን የሚያድስ ሰው ግድግዳው ላይ አሥር ሸክላ ቢጎድልበት፣ እዚያ ሄዶ ከግድግዳው ጋር የሚመሳሰለውን ይጠይቃል፤ ካለ በነጻ ይሰጠዋል። ያንዱ ቤት ሞት ለሌላው ቤት መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። ሸክላውም ከከተማው አልወጣም።

እሺ፤ አሁን አዲስ አበባ እንመለስ።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ተቋራጭ ነው፣ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ አንድ አሮጌ ቤት እንድናፈርስ ተሰጥቶናል። በሩ፣ መስኮቱ፣ ቆርቆሮው ገዢ አለው። የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ ግን ያሳዝናል፣ ምን ላድርገው?» ይላል። እኔ ደግሞ መልሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት፦ ከጀርባው ያለው ምንድን ነው?

የኛ ሰው አሮጌ ነገር የመጠቀም ችግር የለበትም። ይህን ፈረንጅ ሊያስተምረን አይችልም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚጠራው ለምንድን ነው? መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሉት ሰፈር ምን ይሠራል? የጎማ ጫማ፣ የበርሜል ምድጃ፣ የአሮጌ ቤት በርና መስኮት፣ የተቃና ሚስማር፣ ሁሉም ሁለተኛ ሕይወት አለው። ታዲያ ቤት ሲፈርስ ሸክላው ብቻ ከፍርስራሹ ጋር በገልባጭ መኪና የሚሄደው ለምንድን ነው? መልሱ ከላይ ያየነው ነው። በሲሚንቶ ስለተለጠፈ ሲነቀል ይሰበራል፤ ሲሰበር ገዢ የለውም። ችግሩ የባህላችን ሳይሆን የማያያዣው ነው።

ስለ ኖራ ደግሞ እንግዶች አይደለንም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የገባው የኖራ ግንብ አሠራር ነው የጎንደርን ግንቦች ያቆመው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እነዚያን ግንቦች ሲጠግኑ ሲሚንቶ ተጠቀሙ፤ ከዚያ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እያወጡ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ፖርቱጋል ላይ በ14 ሳንቲ ሜትር ሸክላ የታየው ትምህርት፣ ጎንደር ላይ በሙሉ ግንብ ታይቷል።

ስለዚህ ለዚያ ልጅና ለሌሎቻችሁ፣ ፍርድ ሳይሆን ምክር ልስጥ።

ቤት ከመፍረሱ በፊት አንድ ቀን ለፎቶ ስጡ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ነው። ግድግዳውን በሙሉ፣ ከዚያ ዝርዝሩን፣ ከዚያ ቤቱ የት እንደነበረ። ሸክላው ባይተርፍ እንኳ መልኩ ይትረፍ።

ከዳር አንዷን አንሥታችሁ ጀርባዋን እዩ። ነጭ ሆኖ በጥፍር ሲቧጭሩት የሚፈረፈር ከሆነ ኖራ ነው፤ ተስፋ አለ፣ በትዕግሥት ሥሩ። ግራጫና ድርቅ ያለ ከሆነ ሲሚንቶ ነው፤ ሁሉንም ለማዳን አትድከሙ፣ ከየዓይነቱ ጥቂቷን በደህና ለማውጣት ሞክሩ። ለምልክት ትሆናለች።

የምታወጡትን ቁጥር ስጡ፣ ከየትኛው ቤት እንደወጣ ጻፉበት። ስም የሌለው ሸክላ ጌጥ ነው፤ ስም ያለው ማስረጃ ነው።

አራተኛው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፦ ባለቤቱን ጠይቁ። በዚያ ቤት ያደጉ ልጆች፣ የልጅ ልጆች ይኖራሉ። ከሚፈርሰው ግድግዳ አንዲት ሸክላ ለእነሱ መስጠት ምን ይከብዳል? ቤተሰቡ ካልፈለገ ሰፈሩ ይፈልግ ይሆናል፤ ሰፈሩ ካልፈለገ የትምህርት ቤት ማሳያ ቁም ሣጥን ይፈልጋል። ኪሳችን ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ከተማ ይለወጣል፤ መለወጡን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ልጆቻችን ንጹሕ መንገድና ውሃ ያለው ቤት ይገባቸዋል። ሊዝበንም ከ1755 በኋላ እንደ አዲስ ነው የተሠራችው፤ ዛሬ የምናደንቃቸው ቀጥ ያሉ መንገዶቿ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ግን አዲሱን የሠሩት አሮጌውን ሸክላ ከፍርስራሽ ውስጥ እየለቀሙ ጭምር ነው። ዛሬም በአሮጌ ገዳማትና ቤቶች ግድግዳ ላይ ሥዕላቸው የማይገጣጠም፣ ከየቦታው ተለቅመው ጎን ለጎን የተለጠፉ ሸክላዎች ይታያሉ። የአንዱ መልአክ ክንፍ ከሌላው መርከብ ሸራ አጠገብ። ያላያቸው ሰው ግድ የለሽነት ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን የምጥል ሰው አይደለሁም ያለ ሰው እጅ ነው የሚታየኝ።

አንድ ጥያቄ ለናንተ፦ በሰፈራችሁ፣ በአያቶቻችሁ ቤት፣ በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ወይም ወለል ላይ የምታስታውሱት አሮጌ ሸክላ አለ? ፎቶ ካላችሁ ከሥር አስቀምጡልኝ፣ ሰፈሩንና የምታስታውሱትን ጊዜ አብራችሁ ጻፉ። እኔ በየሰፈሩ እየለየሁ አስቀምጣቸዋለሁ። በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁም ከላይ ባልኩት አሠራር ላይ የምታርሙት ወይም የምትጨምሩት ካለ ጻፉ፤ እጁን አቧራ የነካው ሰው ከኔ የተሻለ ያውቃል።

ሰላም ሰንብቱልኝ!